ተራህ የት ነው?

አዲስ አበባ፣ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ድንች እሸጣለሁ። ሰዉ «ሻምበል» ይለኛል። ማዕረጉን የሰጠኝ ጦር በ1983 ዓ.ም. ተበትኗል፤ አትክልት ተራ ግን ማዕረግ አይገፍም። ተሸካሚዎቹ ልጆች ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ «ሻምበል ሽንኩርት» ይሉኛል፤ እሱንም ለምጄዋለሁ።

ሰሞኑን ገና ሳይነጋ ከመቂ የገባ አይሱዙ ቲማቲም እያራገፈ ሳለ፣ ከአጠገቤ የምትሠራው ነጋዴ ሳጥኗ ላይ እንዳጎነበሰች ጠራችኝ። ልጇ ዕጩ መኮንን ነው።

«ሻምበል፣ ልጄ ትናንት ማታ ደውሎልኝ ነበር። ሊመደቡ ነው መሰለኝ። እግረኛ አለ፣ መድፈኛ አለ፣ መሐንዲስ፣ መገናኛ… ብቻ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ለመሆኑ የቱ ይሻላል? እርስዎ ያውቁታል።»

«እሱ የትኛውን ይፈልጋል?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አይ ሻምበል! እሱንማ ማን ይጠይቀዋል ብለው ነው?»

ልጇ ይጠየቅ አይጠየቅ፣ መልሱ ያለው መዳቢዎቹ ዘንድ ነው። እኔን የከነከነኝ አነጋገሯ ነው። ሳትማረር፣ «ዛሬ ደመና ነው» እንደማለት ነው ያለችው። የእኔም እናት በ1974 ዓ.ም. እንዲሁ ብላ ነበር።

አገር መኮንኗን ወደፈለገችበት የመላክ መብት አላት፤ በዚህ አልከራከርም። ከመመደብ በፊት መጠየቅ፣ ከመደቡ በኋላ ደግሞ ምክንያቱን መንገር ግን መብቷን አይቀንስባትም። ሁለቱም ብዙ ወጪ የላቸውም። ሲቀሩ የሚያስከፍሉትን ግን እኔ ከፍዬዋለሁና ልናገር።

ስሙን በማልጠራው አንድ የጦር ትምህርት ቤት ሥልጠናችንን ስንጨርስ፣ ልቤ ያረፈው መድፍ ላይ ነበር። ሒሳብ እወድ ነበር። ርቀት፣ ከፍታ፣ ንፋስ ተደምሮ ተቀንሶ፣ ተኳሹ የማያየው ኮረብታ ጀርባ ላይ ጥይት ሲያርፍ እንደ ተአምር አየው ነበር። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ጓደኛዬ የደሴ ነጋዴ ልጅ ነው። ማን ለማን ሳሙና እንዳበደረ፣ ማን ስንት ሲጃራ እንዳለበት በአንዲት ትንሽ ደብተር ይዞ፣ ወር ሲደርስ የሚያስታርቀን እሱ ነበር። እሱ ደግሞ የሚመኘው ስንቅና ትጥቅ ነበር። ይህን ግን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም የእኔን አልነገርኩትም። በዚያ ቤት ምኞት ማውራት እንደ ልፍስፍስነት ይቆጠር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ተሰለፍን፤ ስም ዝርዝር ተነበበ። የእኔ ስም ተጠርቶ «ስንቅና ትጥቅ» ተባለ። ቆይቶ የእሱ ተጠራ፤ «መድፈኛ»። ንባቡ ሲያልቅ «ተበተን!» ተባለ፤ ተበተንን። ማታ መኝታ ቤት ውስጥ ወሬ ነፈሰ፤ «አጎት አለው» አሉ። የትኛው አጎት፣ ምን ማዕረግ ያለው እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በነጋታው ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ጓደኛዬን ደህና ሁን አላልኩትም።

እኔ ወደ ሰሜን፣ ኤርትራ ውስጥ ወዳለው ናቅፋ ግንባር ተላክሁ። በሻዕቢያ ላይ የተከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የተካሄደው በዚያው ዓመት ነው። ሥራዬ ኮቾሮ በካርቶን፣ ውሃ በጀሪካን፣ ምስርና ሽንኩርት በኩንታል እየቆጠርኩ ወደ ተራራው መላክ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንዴት እንደሠራሁ ልናዘዝ። ትእዛዝ ጥሼ አላውቅም፤ ከታዘዝኩት አንዲት ጋት አልፌም አላውቅም። አንድ ጊዜ ሙሉ መኪና ሽንኩርት በሸራ ተሸፍኖ መጣ። ሽንኩርት መተንፈስ አለበት፤ ዛሬ ይህን የአትክልት ተራ ሕፃን ያውቀዋል። ያኔም ሽታው መጥቶልኛል። ሸራው ይገለጥ የሚል ትእዛዝ ስላልነበረ አልገለጥኩትም። በአራተኛው ቀን ሲገለጥ ግማሹ ውሃ ሆኗል። ተራራው ላይ ያሉት ልጆች ሁለት ሳምንት ምስራቸውን በጨው ቀቅለው በሉ። እነሱ ምን በደሉኝ? እኔ የተጣላሁት ከዝርዝሩ ጋር ነበር፤ ዕዳውን የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ጦሩ ሲበተን አትክልት ተራ ገባሁ፤ ሽንኩርት መያዝ ካወቅሁ አይቀር ብዬ። በ2001 ዓ.ም. አንድ ጠዋት፣ ለልጁ ሠርግ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት የሚፈልግ ሰው መጣ። ዋጋ ስነግረው ቀኝ ጆሮውን አዙሮ «ምን አልክ?» አለኝ። ግራው በመድፍ ድምፅ ደንቁሯል። ፊቱን ሳይ አወቅሁት፤ እሱም አወቀኝ። ተቃቅፈን ከመላቀቃችን በፊት እንዲህ አለኝ፦

«አንተ ሌባ! ስንቅ ክፍል የኔ ቦታ ነበር። አጎትህ ማን ነበር ግን?»

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ የእሱን አጎት ስረግም፣ እሱ የእኔን ሲረግም ኖረናል። ሁለታችንም አጎት አልነበረንም። ቦታችንን ብንቀያየር ሁለታችንም እንጠቀም ነበር፤ ጦሩም አንዲት ሳንቲም አይከስርም ነበር። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሁለት ብጫቂ ወረቀትና አንድ እርሳስ ነበር።

ምክንያት ያልተነገረው ሰው አጎት ይፈጥራል። ከዚህ ገጠመኝ የያዝኩት ትምህርት ይህ ነው። መዳቢው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ወደ ታች በቁጥር ሞልቶት፣ ወይም ለስንቅ ክፍል ሒሳብ የሚችል ሰው ፈልጎ ይሆናል። ይህን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ኖሮ «ለሒሳቤ ነው የተፈለግሁት» ብዬ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። ሸራውንም እገልጠው ነበር።

ነገሩ የእኔና የጓደኛዬ ብቻ ቢሆን ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት። በእኛ አገር ምደባ ዕድል ነው፤ አንዳንዴም ዕጣ ፈንታ ነው። የጥንቱን ማዕረግ ተመልከቱ። ፊታውራሪ የፊቱ፣ ቀኝ አዝማች የቀኙ፣ ግራ አዝማች የግራው ጦር መሪ ነው። ሰው የሚጠራው በቆመበት ቦታ ነበር። ይሁንና አባቶቻችን ስሙንና ሰውየውን አላምታቱም። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በመድፈኛነት ስማቸው የገነነው ባልቻ በማዕረጋቸው በጅሮንድ ነበሩ፤ የግምጃ ቤት ሹም ማለት ነው። ዕቃ ቤት ጠባቂው መድፉ ላይ ሲቆሙ «ይህ የእርስዎ ክፍል አይደለም» ያላቸው የለም። እኔ መድፍ ፈልጌ ግምጃ ቤት የገባሁት ሰው፣ ስማቸው በተነሣ ቁጥር ትንሽ እቀናለሁ።

ዘመናዊው ጦር ሲመጣ ምደባው ይበልጥ ከበደ። የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. የከፈቱት የስዊድን መኮንኖች ናቸው። ክብር ዘበኛንና አየር ኃይልንም ስዊድኖች አሠልጥነዋል፤ ባሕር ኃይልን ኖርዌዮች፣ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውን የሐረር ጦር አካዳሚ ህንዶች፤ ምድር ጦሩን አሜሪካኖች አማከሩት። እንግዲህ አንድ ወጣት የት እንደተመደበ የሚወስነው የደንብ ልብሱን ቀለም ብቻ አልነበረም፤ ማን እንደሚያስተምረው፣ ማንን «ወንድሜ» እንደሚል ጭምር ነው። የሐረሩ ምሩቅ ሦስት ዓመት ተምሮ፣ የሆለታው በአጭር ሥልጠና፣ ብዙ ጊዜም ከበታች ሹምነት አድጎ፣ ሁለቱም አንድ ማዕረግ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲገናኙ የነበረውን መናናቅ የዘመኑ ሰዎች ያውቁታል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ ምደባ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ክብር ዘበኛን ይዘው ሲነሡ፣ ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ በተቃራኒው ቆሙ። አዲስ አበባ ውስጥ ተታኮሱ። ከክብር ዘበኛ ወታደሮች ብዙዎቹ ንጉሡን የሚከላከሉ መስሏቸው ነበር የወጡት። አንድ አብሮ አደግ ክብር ዘበኛ ስለተመደበ ዓማፂ ተባለ፤ ሌላው ጦር ሠራዊት ስለገባ ታማኝ ተባለ። ዓማፂውም ታማኙም ዝርዝሩ ሲነበብ አልመረጡትም። እንዲህ ያለ ክብደት ያለውን ነገር አንብቦ «ተበተን!» ማለት ይበቃል?

ስለ ምደባ ከገበያም የምንማረው አለ። መርካቶን የማያውቅ ሰው ትርምስ ይመስለዋል። ሥርዓት አለው። ሸማ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚናለሽ ተራ፤ የእኛም አትክልት ተራ እንዲሁ። «ተራ» የሚለውን ቃላችንን እዩት፤ ረድፍ ነው፣ ወረፋ ነው፣ ደግሞም «ተራ ወታደር» ስንል ማዕረግ የሌለው ማለት ነው። ገበያችን የመጀመሪያውን ትርጉም ይዞ ነው የቆመው። ማንኛውም ዕቃ ተራ አለው፤ ተራ መያዝም ማነስ አይደለም። ቲማቲም ነጋዴዋ ጎረቤቴ ጠዋት ሳጥን ስትከፍት እጇን ተመልከቱ። ድፍን ቀዩ ዛሬ ለሚሠራበት ምግብ ቤት ይሄዳል። ግማሽ ቀዩ ለጉልት ቸርቻሪዎች፤ ነገና ከነገ ወዲያ ይሸጡታል። ገና መቅላት የጀመረው ሩቅ መንገድ ለሚጓዘው። የፈነዳው ለስልስ በርካሽ። ብስሉን ከጥሬው ስትለይ ጥሬውን አትንቀውም፤ እንዲያውም ለሩቅ አገር የሚታመነው እሱ ነው። በደንብ የመደበ አይጥልም።

ቲማቲም አፍ ስለሌለው እጇ ይበቃታል። ሰው ሲሆን እጅ ብቻ አይበቃም።

ሌሎች አገሮች የመኮንኖችን ምደባ እንዴት እንደያዙት ማየት ጥሩ ነው። አሜሪካኖች ዌስት ፖይንት በሚባለው አካዳሚያቸው በየዓመቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ዕጩ መኮንኖችን በተለያዩ የሙያ ክፍሎች ይመድባሉ። ለረጅም ዘመን ደንቡ በውጤት ነበር፤ አንደኛ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል፣ ጭራ የሆነው የተረፈውን ያነሣል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ለሚወደው ክፍል ሲል ሦስት ዓመት አስበልጦ ለማገልገል የሚፈርም ቅድሚያ የሚያገኝበት በር ተከፈተ። ውጤት ብቻውን ሰውን እንደማይነግር ራሳቸው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1861 ከክፍሉ መጨረሻ የወጣው ጆርጅ ከስተር በሁለት ዓመት ውስጥ ጄኔራል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1876 በራሱ ጥድፊያ ወታደሮቹን ይዞ ስላለቀ፣ «ውጤቱስ ልክ ነበር» የሚሉም አይጠፉም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ሥርዓቱን እንደ ገበያ አድርገው ቀየሩት። ዕጩው ክፍሎቹን ሁሉ በምርጫው ቅደም ተከተል ይሞላል፤ ክፍሎቹም በበኩላቸው ዕጩዎቹን በጣም የምንፈልጋቸው፣ የምንፈልጋቸው፣ እምብዛም የማንፈልጋቸው ብለው በሦስት ረድፍ ያስቀምጣሉ። ከዚያ የሚያገናኛቸው ስሌት ነው። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1962 የጣሉት ጌልና ሻፕሊ የሚባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው፤ በዚህ መስመር ለተሠራው ሥራ ሻፕሊና አልቪን ሮት እ.ኤ.አ. በ2012 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

ስሌቱን በአትክልት ተራ ቋንቋ ላስረዳ። ገበሬ ሽንኩርቱን ይዞ መጀመሪያ ወደሚወደው ነጋዴ ይሄዳል። ነጋዴው «ተቀብያለሁ» አይልም፤ «እዚህ አስቀምጠው» ይላል። መጋዘኑ ከሞላና የተሻለ ከመጣ፣ ቀድሞ ያስቀመጠውን «ይቅርታ፣ ወደ ሁለተኛው ምርጫህ ሂድ» ይለዋል። የተመለሰው ወደ ቀጣዩ በር ይሄዳል። ሁሉም የሚያንኳኳውን አንኳኩቶ እስኪጨርስ ድረስ ገንዘብ አይከፈልም። መጨረሻ ላይ «እኔን የሚሻ ሌላ ነጋዴ፣ እኔም የምሻው፣ ሳንገናኝ ቀረን» የሚል አይኖርም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ደግሞ ብልጣ ብልጥነት አለመጥቀሙ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ «ይህን አንደኛ ብሞላ ይቀርብኛል፣ ለጥንቃቄ ያንን ላስቀድም» እያላችሁ የተጨነቃችሁ ታውቁታላችሁ። እዚህ እውነቱን የሞላ ዕጩ አይጎዳም።

እንግሊዞች ሳንድኸርስት ላይ ሌላ መንገድ አላቸው፤ ዕጩው የሚፈልጋቸውን ሬጅመንቶች ይናገራል፣ ሬጅመንቶቹ ጠርተው ያነጋግሩታል፣ ይመርጡታል። ፊት ለፊት መነጋገሩ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን አልመክረውም። ለመጠያየቅ ክፍት በተተወ በር አጎት ይገባል። እኛ ደግሞ ዕጣን እናውቃለን። ሐኪሞቻችን ለብዙ ዓመታት ወደየክልሉ የሚመደቡት ዕጣ እያወጡ ነበር። ዕጣ አጎት የለውም፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ጆሮም የለውም፤ ያ ደግሞ ጉድለቱ ነው።

«ወታደር እኮ ነው! ሙሽራ ይመስል ምርጫ ምን ያደርግለታል?» የሚሉኝ የቀድሞ ጓዶች አሉኝ። እኔም ታዝዣለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት። ትእዛዝ እግሬን ናቅፋ አድርሶታል። ሸራውን የሚገልጠው ግን እግር አልነበረም።

«ሁሉም አየር ኃይልና መገናኛ ይላል፤ እግረኛ ማን ይገባል?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። እውነት ነው፣ ሳይፈልግ እግረኛ የሚገባ ይኖራል። መጠየቅ ቦታ አይጨምርም። እኔ የምለው እግረኛው ክፍልም ይጠየቅ ነው። ምን ዓይነት ሰው ይፈልጋል? የሰማንያ ሰባት ውጤት ያለውን ወይስ ደክሞት ሲወድቅ ጓደኛውን ተሸክሞ የሚነሣውን? ይህ በግልጽ ተጽፎ ቢለጠፍ፣ «እኔ ነኝ» ብሎ የሚመጣ ወጣት መኖሩን አልጠራጠርም። እግረኛ የተረፈ ሰው መጣያ የሚመስለው፣ የሚፈልገውን ሰው ዓይነት ማንም ስላልነገረን ነው። ቢሾፍቱ ላይ አውሮፕላን አለ፣ ባሕር ኃይልም ከረጅም ዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቁሟል፣ ድሮንና ኮምፒዩተር የጦር ሜዳ ሆነዋል። ክፍሉ በበዛ ቁጥር በግምት መመደብ ይበልጥ ውድ ይሆናል።

ስለዚህ የሽንኩርት ነጋዴ ሐሳቤን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ዕጩው ክፍሎቹን ሁሉ በቅደም ተከተል ይሙላ፤ ከመጀመሪያው ምርጫው አጠገብ አንድ መስመር ምክንያት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ክፍሎቹ ስንት ቦታ እንዳላቸውና ምን ዓይነት ሰው እንደሚሹ ምርጫው ከመሞላቱ በፊት ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ ዝርዝሩ ሲነበብ ከስሙ ጋር ምክንያቱ ይነበብ፤ «በውጤቱ»፣ «ለሒሳብ ችሎታው»፣ «ክፍሉ ስለፈለገው»። «ለአገር አስፈላጊነት» ከሆነም ይባል፤ ወታደር ይህን ይረዳል። አራተኛ፣ ከንባቡ በኋላ አንድ ሳምንት ይሰጥ። ሁለት ሰዎች ተስማምተው አለቆቻቸው ከፈቀዱ ይቀያየሩ። ይህች ሳምንት በ1974 ኖራ ቢሆን፣ ከላዬ ባለው አልጋ ላይ የተኛውን ልጅ በመጀመሪያው ምሽት አገኘው ነበር።

ያን ዕለት ለጎረቤቴ የነገርኳት ከዚህ ያጠረ ነው። «ማታ ሲደውል ወረቀት ያንሣ በዪው። የሚፈልገውን በቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ለምን እንደሚፈልገውም ይጻፍበት። ከጠየቁት ይስጣቸው። ካልጠየቁት ከሱ በላይ ለሚተኛው ልጅ ያሳየው።»

«ለሚተኛው?» አለች ግር ብሏት።

ረጅሙን ታሪክ ያን ጊዜ አልነገርኳትም፤ ገዢ ቆሞ ነበር። ነገር ግን የፋሲካ ሳምንት፣ ዶሮ ወጥ የሚሠራ ቤት ሁሉ ሽንኩርት ሲሻ፣ አንድ ሽማግሌ ሱቄ ውስጥ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ ታየዋለች። በየዓመቱ ይመጣል። ማን ስንት ኪሎ እንደወሰደ፣ ማን እንደከፈለ፣ ማን «ነገ» እንዳለ ይመዘግባል፤ ማታ ላይ አንዲት ብር አትጎድልም። እኔ ሚዛኑ ጋ ቆሜ ቁጥሩን በቀኝ ጆሮው በኩል እጮህለታለሁ። እኔ መድፌን አላገኘሁም። እሱ ግን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ስንቅ ክፍል ገብቷል።